«ከሞተችው አትጀምሪ»

ይህን የምጽፈው ሰው በመንከባከብ ለደከሙ ነው፤ ለአዋላጆች፣ ለነርሶች፣ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ አልጋ ላይ የዋለ ወላጅ ለሚያስታምሙ ልጆች። ድካም ስል ተኝተው ሲያድሩ የሚለቀውን አይደለም። የታመመው ሰው ገና አፉን ሳይከፍት «ደግሞ ምን ሊለኝ ነው» የሚያሰኘውን፣ እጅ እየሠራ ልብ የሚቀርበትን ድካም ማለቴ ነው። እኔ በዚያ ውስጥ ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ ኖሬያለሁ። የወጣሁት ደግሞ ፈጽሞ ባልጠበቅሁት መንገድ፣ ታይላንድ ውስጥ፣ በቡድሃ እምነት ተከታዮች መካከል፣ ስድሳ ዓመት ያለፋት አንዲት ሴት በሞተር ብስክሌቷ ከኋላ አስቀምጣኝ ቤት ለቤት ስትዞር ነው።

ሃይማኖቴን አልቀየርኩም። የተዋሕዶ ልጅ ሆኜ ሄጄ የተዋሕዶ ልጅ ሆኜ ተመልሻለሁ። ይህን ቀድሜ የምናገረው አንባቢ ሳይሰጋ እንዲያነብልኝ ብዬ ነው።

አዋላጅ ነርስ ነኝ። በጥር 2008 ዓ.ም. በአንድ ደጋማ ወረዳ ጤና ጣቢያ ተረኛ ሳለሁ አንዲት ወጣት እናት ሴት ልጅ በሰላም ተገላገለች። የእንግዴ ልጁም ወጣ። ደሙ ግን አልቆመም። ማህፀንን የሚያኮማትረውን መድኃኒት፣ ኦክሲቶሲን፣ ሰጠሁ፣ ማህፀኗን አሸሁ፣ በሁለቱም ክንዶቿ ፈሳሽ ከፈትኩ፣ አምቡላንስ ጠራሁ። አምቡላንሱ ሌላ ወላድ ይዞ በሌላ አቅጣጫ ሄዶ ነበር። እስኪመለስ ጠበቅን። ሲደርስ ጭነናት ወጣን። ሆስፒታሉ ሳንገባ፣ እጄን እንደያዘች መንገድ ላይ አረፈች።

ማንም አልወቀሰኝም። የሠራሁት ሁሉ መዝገብ ላይ ሰፍሯል፤ ሲታይ የጎደለ ነገር አልተገኘበትም። እኔ ግን ሌሊት ሌሊት ያንን መንገድ እንደገና እሄደው ጀመር። ቀን ደግሞ የሟቿ እናት ቤት ባለበት በኩል ላለማለፍ ወደ ገበያ የምወርደው በወንዙ ዞሬ ሆነ፤ ግማሽ ሰዓት ያረዝማል። የአምቡላንሱን ሾፌር ሰላምታ ከለከልኩት፤ ጥፋት እንደሌለበት እያወቅሁ። ቆይቶም ምጥ የያዛት ሴት ስትጮኽ ጩኸቷ እኔን የሚከስስ ይመስለኝ ጀመር። አንድ ሌሊት የመጀመሪያዋን ልትወልድ የመጣች፣ ራሷ ገና ልጅ የሆነች ሴት «እናቴን ጥሩልኝ» ስትል «ዝም በይ!» ብዬ ጮህኩባት። ዝም አለች። እስኪነጋ ድምፅዋን አላሰማችም። ያን ዝምታ እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ።

የትምህርት ዕድሉ የመጣው በዚህ መካከል ነው። ከባንኮክ በስተ ምዕራብ በምትገኘው ሳላያ፣ በማሂዶል ዩኒቨርሲቲ፣ የመሠረታዊ ጤና እንክብካቤ አስተዳደር ለመማር በነሐሴ 2009 ዓ.ም. ሄድኩ። ታይላንዶች ዘመን የሚቆጥሩት ከቡድሃ ዕረፍት ጀምሮ በመሆኑ የቤት ኪራይ ደረሰኜ ላይ 2560 የሚል ዓመት ተጽፎ አገኘሁ። የራሱ ቁጥር ያለው ሌላ ሕዝብ ማግኘት ለአንድ ኢትዮጵያዊ እንዴት ያለ ደስታ እንደሆነ የሄደ ያውቀዋል።

ከዩኒቨርሲቲው ብዙ ሳይርቅ ፑታሞንቶን የሚባል ሰፊ መናፈሻ አለ። የቡድሃ እምነት 2500ኛ ዓመት ሲከበር፣ በአውሮፓውያን 1957 መሆኑ ነው፣ ለመታሰቢያ የታቀደ ቦታ ነው። በመካከሉ 15.87 ሜትር የሚረዝም የቡድሃ ሐውልት ቆሟል። እሑድ እሑድ እዚያ እሄድ ነበር፤ ለጥላው ብዬ። ቡድሂዝም ሲባል ዓይን ጨፍኖ መቀመጥ ብቻ ይመስለኝ ስለነበር ሐውልቱን ብዙ ጊዜ አይቼው ያስተዋልኩት ዘግይቼ ነው፦ አልተቀመጠም። አንድ እግሩን አንስቶ እየሄደ ነው።

የመስክ ልምምድ ሲደርስ ወደ አንድ የቦይ ዳር መንደር ተመደብኩና ከፓ ጋር ተገናኘሁ። «ፓ» በታይኛ የእናት ወይም የአባት ታላቅ እህት ናት። እነሱም እንደ እኛ ታላቅን ሰው በባዶ ስሙ አይጠሩም፤ አክስት፣ አጎት፣ አያት ይሉታል። እኔም ፓ አልኳት። እሷ «ሉክ» አለችኝ፤ ልጄ እንደ ማለት።

ፓ የመንደር ጤና በጎ ፈቃደኛ ናት። ታይላንድ ይህን ሥርዓት መዘርጋት የጀመረችው በአውሮፓውያኑ 1970ዎቹ መጨረሻ ሲሆን በአገሪቱ እንዲህ ያሉ በጎ ፈቃደኞች ከ1 ሚሊዮን ይበልጣሉ። አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። እያንዳንዳቸው ከ10 እስከ 15 የሚሆኑ ቤቶችን ይይዛሉ፤ የደም ግፊትና ስኳር ይለካሉ፣ አልጋ ላይ የዋለውን ይጎበኛሉ፣ ዴንጊ የሚባለውን የትኩሳት በሽታ የምታስተላልፈው፣ የወባ ትንኝ ዘመድ የሆነችው ትንኝ እንዳትራባ የየቤቱን የውኃ ማሰሮ በባትሪ እያበሩ እጭ ይፈልጋሉ። ያኔ በወር የሚሰጣቸው 600 ባህት ነበር፤ የፓ 600 ባህት ለሞተሩ ቤንዚን ያልቃል። እኛ ዘንድ በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየቀበሌው ሁለት ሁለት ደመወዝተኛ ሴቶች እንደመደበ ስነግራት ደንግጣ «ሁለት ሰው ስንቱን ቤት ይዞራል? እነሱንስ ማን ይጠይቃቸዋል?» አለች። ሁለተኛውን ጥያቄ በአገሬ ማንም ጠይቆት አያውቅም ነበር፤ እኔም ጭምር።

ወረቀቴ ላይ የምሞላው ቅጽ ስንት ቤት እንደገባን፣ ስንት ሰው እንደለካን የሚጠይቅ ነበር። መማር የነበረብኝ ግን እንዴት እንደምትገባ ኖሯል። ሞተሩን ታጠፋለች። ጫማዋን ታወልቃለች። አንድ እጇን መቃኑ ላይ አሳርፋ ጥቂት ትቆማለች፤ ሦስት ጊዜ ለመተንፈስ የሚበቃ ያህል። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ከዚያ ገብታ ከታማሚው ዝቅ ብላ ወለሉ ላይ ትቀመጥና ስለ መድኃኒት አንዲት ቃል ሳትናገር «ምግብ በልተሻል?» ትላለች። የታይ ሰዎች የዘወትር ሰላምታ ነው፤ ሁሉም ይለዋል፤ ብዙ ሰው እያለፈ ይለዋል። ፓ ግን መልሱን ትጠብቃለች።

በሩ ላይ የምትለው ምን እንደሆነ አብራኝ የምትማር የታይ ልጅ አስተርጉማ ነገረችኝ። «ሳፔ ሳታ፣ አዌራ ሆንቱ» ብሎ የሚጀምር፣ በአገሩ ከሕፃን እስከ ሽማግሌ በቃል የሚያውቀው ነው፦ ፍጡራን ሁሉ ከጠላትነት ይራቁ፤ ከጉዳትና ከጭንቀት ይዳኑ፤ በሰላም ይኑሩ። ቋንቋው ፓሊ ነው። ፓሊ ለእነሱ እንደ ግዕዝ ለእኛ ነው፤ ሁሉም ያዜመዋል፣ ቃል በቃል የሚተረጉመው ጥቂቱ ነው።

ከምንዞርባቸው ቤቶች አንዱ ውስጥ ስትሮክ የጣላት አንዲት አሮጊት ነበረች። ሁሉም «ያይ» ይላታል፤ የእናት እናት ማለት ነው። የልጅ ልጇ ፋብሪካ ስለሚውል ቀን ቀን ብቻዋን ናት። ፓ ለእሷ ቅጹ ከሚጠይቀው በላይ በየቀኑ ትሄድላት ነበር። ከመተኛት ብዛት ጀርባዋ እንዳይቆስል ታገላብጣታለች፣ ታጥባታለች፣ ሩዙን በሾርባ አላልታ ታጎርሳታለች። አልጋው ቆሽሾ ስንደርስ እኔ ጓንቴን እያጠለቅሁ ፊቴን ሳላውቀው እንዳጨማደድኩ ያወቅሁት የያይን ዓይን ሳይ ነው። አፍራ ወደ ግድግዳው ዞረች። የፓ ፊት ግን ያው ነበር፤ ስለ ጎረቤት ድመት እያወራቻት ትጠርግ ነበር።

በመንደሩ ገዳም ያሉትን አበምኔት፣ ሉዋንግ ፖ ይሏቸዋል፣ የተከበሩ አባት እንደ ማለት፣ ያገኘሁት በዚያው ሳምንት ነው። ይህን ነገር ሳነሳባቸው አንድ ታሪክ ነገሩኝ። ቡድሃ ከደቀ መዝሙሩ ከአናንዳ ጋር የመነኮሳቱን ማደሪያ ሲጎበኝ በተቅማጥ ታሞ በገዛ ቆሻሻው ላይ የወደቀ አንድ መነኩሴ አገኘ። «የሚያስታምምህ የለም?» ቢለው «ለማንም የምጠቅም ስላልሆንኩ የሚያየኝ የለም» አለ። ቡድሃ ውኃ አፈሰሰ፣ አናንዳ አጠበ፤ አንዱ በራሱ፣ አንዱ በእግሩ በኩል ይዘው አልጋ ላይ አስተኙት። ከዚያ መነኮሳቱን ሰብስቦ «እዚህ የሚጠይቃችሁ እናት የለችም፣ አባትም የለም፤ እርስ በርሳችሁ ካልተጠያየቃችሁ ማን ይጠይቃችኋል? እኔን መንከባከብ የሚሻ በሽተኛውን ይንከባከብ» አላቸው። «ታምሜ ጠይቃችሁኛል» የሚለውን ወንጌል ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ የሰማሁት ነገር አዲስ አልነበረም፤ ግን ሰውነቴ ቀዝቀዝ አለ።

ሉዋንግ ፖ ቀጥለው ቡድሃ ያን ቀን የጥሩ አስታማሚን ጠባይ እንደዘረዘረ ነገሩኝ፦ መድኃኒት ማዘጋጀት የሚችል፣ ለታማሚው የሚስማማውንና የማይስማማውን የሚለይ፣ ለጥቅም ሳይሆን በፍቅር የሚያስታምም፣ ሰገራን፣ ሽንትን፣ ትውከትን የማይጸየፍ፣ ታማሚውን በመልካም ቃል የሚያበረታ። ለማስታመም የሚያስቸግረውን በሽተኛም አልተወም፤ መድኃኒቱን የማይወስድ፣ ልኩን የማያውቅ፣ የሚሰማውን ሕመም ለአስታማሚው በትክክል የማይናገር፣ ሥቃይን የማይታገሥ። ይህን ስሰማ ከ2,500 ዓመት በፊት ተረኛ ሆኖ ያደረ ሰው ያናገረኝ መሰለኝ። በሽተኛም ያስቸግራል ብሎ በግልጽ መናገር ጨካኝነት ይመስለኝ ነበር። አይደለም፤ ያስቸግራል፤ አስታማሚ ይህን ሲደብቅ ነው በውስጡ የሚመርረው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ቡድሂስቶች ልብ ሊለማመዳቸው የሚገባ አራት ነገሮች አሉ ይላሉ፦ ሜታ፣ ካሩና፣ ሙዲታ፣ ኡፔካ። «ሊለማመዳቸው» የሚለውን አስምሩልኝ። እኔ ርኅራኄ ወይ ይኖራል ወይ ያልቃል ብዬ አምን ነበር፤ የእኔ እንዳለቀ። እነሱ ግን እንደ ቅኔ ወይም እንደ ዜማ በየቀኑ የሚቀጸል ነገር ነው ይላሉ። በ5ኛው መቶ ዘመን በስሪላንካ የኖረ አንድ ታላቅ መምህር አራቱን በአራት ልጆች እናት መስሎ አስረድቷል። ሕፃኑ እንዲያድግላት ትመኛለች፤ ይህ ሜታ ነው። የታመመው እንዲድንላት ትጨነቃለች፤ ካሩና። ወጣቱ በለጋነቱ ሲደሰት ደስታው እንዲቆይለት ትሻለች፤ ሙዲታ። ራሱን ችሎ ቤት የመሠረተውን ግን በየደቂቃው አትጨነቅለትም፤ ኡፔካ።

ይህን ማታ ማታ ወደ አማርኛ ለመመለስ ስታገል ሦስቱ ቀድሞም ቤታችን ውስጥ እንደነበሩ አየሁ። ልጅ ተደናቅፎ ሲወድቅ እናት «እኔን!» ትላለች። በአንተ ፈንታ እኔ ልውደቅ ማለት ነው። ከዚህ የጠራ የካሩና ትርጉም አላገኘሁም። የወለደችውን ሴት «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ስንላት ሙዲታ ነው። «ጤና ይስጥልኝ» ስንልስ? ሜታ ማለት ይኸው አይደለም? ቀኑን ሙሉ ስንመራረቅ እንውላለን፤ የምንለውን ስለማንሰማው ብቻ ነው ሰላምታ የመሰለን።

መምህራኑ ደግሞ እያንዳንዳቸው የሚመስላቸው ጠላት አላቸው ይላሉ። የርኅራኄ ጠላት ጭካኔ መሆኑን ማንም ያውቃል፤ ርኅራኄን መስሎ የሚገባው ግን ሐዘን ነው። ለእሱም አማርኛ አለን፦ ከንፈር መምጠጥ። ከንፈር መጣጭ ሰው ከታማሚው ጋር አብሮ ይሰምጣል፣ ወይም ከላይ ቆሞ ያዝናል፤ በሁለቱም መንገድ የውኃ ብርጭቆ አያቀብልም። እኔ ያን ሁሉ ጊዜ ርኅራኄዬ የገደለኝ ይመስለኝ ነበር፤ የገደለኝ ሐዘኑ ኖሯል።

ለኡፔካ ግን ቃል አጣሁ። ጠላቱን አውቀዋለሁ፤ «ምን አገባኝ» ይባላል። እሱን ራሱን ያወቅሁት ያይ ስትሞት ነው።

ያይ በአንድ ሐሙስ ሌሊት አረፈች። ፓ በሥርዓታቸው መሠረት በእጇ ላይ ውኃ አፈሰሰችላት፣ ገዳሙ ውስጥ ጸሎቱ ሲደገም ሌሊት ሌሊት ተቀመጠች፣ አስከሬኑ ሲቃጠል ቆመች። አለቀሰችም፤ ትንሽ። በማግሥቱ ማለዳ ገና ጎህ ሲቀድ መነኮሳቱ በባዶ እግራቸው ተሰልፈው በመንደሩ ሲያልፉ ፓ እንደ ወትሮው በሯ ላይ ተንበርክካ ትኩስ ሩዝ በየሣህናቸው አደረገች። እነሱ አመሰግናለሁ አይሉም፤ በረከቱ የሰጪው ነውና ጸሎት ደግመው ይሄዳሉ። ከትንሽ ዕቃ ውኃ ቀስ እያለች ወደ ሌላ ዕቃ እያንጠባጠበች የምጽዋቱን ዋጋ ለያይ አሳለፈችላት፤ ውኃውን ከዛፍ ሥር ደፋችው። ከዚያ ሞተሯን አስነስታ «ሉክ፣ እንሂድ፤ ዛሬ አሥራ ሁለት ቤት አለን» አለች። በመንገድ ላይም ማንጎ ገዛች።

ተናደድኩ። ስምንት ወር ያጎረሰቻትን ሰው ሸኝታ ማንጎ ትገዛለች! ማታ ሉዋንግ ፖ ዘንድ ሄጄ፣ በጓደኛዬ አስተርጓሚነት፣ ሴት እንደመሆኔም በሥርዓታቸው ራቅ ብዬ ተቀምጬ፣ የፓን ነገር ስጀምር ሳላስበው የእኔን ነገር ጨረስኩ። የሟቿን፣ የመንገዱን፣ የያዘችኝን እጅ። በየሌሊቱም ሜታ የሚሉትን ለመለማመድ ሞክሬ እንደሆነና የማደርገውም ለእሷ እንደሆነ፣ ባደረግሁት ቁጥር ግን እየባሰብኝ እንደሄደ ነገርኳቸው።

አንዴ ጓደኛዬን፣ አንዴ እኔን አዩ። «ከሞተችው አትጀምሪ» አሉኝ።

ለካ የቆየ ደንብ ነው። ሜታን የሚለማመድ ሰው ከሞተ ሰው አይጀምርም፤ ከጠላቱም አይጀምርም፤ የሚጀምረው ከራሱ ነው። ከዚያ ወደሚያከብረው መምህር፣ ከዚያ ወደ ወዳጁ፣ ከዚያ ወደማይወደውም ወደማይጠላውም ሰው፣ በመጨረሻ ወዳስቀየመው። ለሞተ ሰው ሌላ መንገድ አለ፤ ፓ ያደረገችው፤ ምጽዋት መስጠትና ዋጋውን ለእሱ ማሳለፍ። «ፓ ከያይ ጋር የነበራትን ሥራ ጨረሰች። አንቺ ከሴትየዋ ጋር የነበረሽን ሥራ ጨርሰሻል፤ ግን እጅሽን አልለቀቅሽም። ዛሬ አሥራ ሁለት ቤት የጠበቃችሁ በሕይወት ያለ ሰው ነው» አሉ። የማጽናናት ድምፅ አልነበረውም። መርፌ እንደሚወጋ ሰው ነው የተናገሩት።

ወደ ክፍሌ ስመለስ ተዝካር ትዝ አለኝ። ለሙታን የሚደረገውን እኛም ለይተን አስቀምጠናል፤ ነዳያን ይበላሉ፣ ነፍስ ይማር ይባላል፣ ሐዘንተኛው ቀስ በቀስ ወደ ሥራው ይመለሳል። እኔ ተዝካሯን አላወጣሁም ነበር፤ ሬሳዋን በልቤ ተሸክሜ ነበር የምዞረው። በሳምንቱ ባንኮክ ውስጥ መንገድ ዳር ለሚኖሩ ሰዎች ምግብ ገዝቼ ሰጠሁ፤ በስሟ። ኡፔካን በአማርኛ «ልብን ማሳረፍ» ብዬ የተረጎምኩት ከዚያ በኋላ ነው። ምን አገባኝ ያለ ሰው ሥራውን ሳይሠራ ያርፋል። ልቡን ያሳረፈ ሰው ግን የሚቻለውን ሁሉ ሠርቶ፣ የቀረውን እግዚአብሔር የሚያውቀው መሆኑን ተቀብሎ፣ ወደሚቀጥለው ቤት ይሄዳል።

ልምምዱን እንዴት እንዳደረግሁት ልንገራችሁ፤ መሞከር የሚፈልግ እንዲሞክረው። ጠዋት ከጸሎቴ ቀጥሎ አምስት ደቂቃ ያህል እቀመጣለሁ። ፓሊውን ትቼ የራሳችንን ቃል ያዝኩ፦ «ጤና ይስጠኝ። ከክፉ ይሰውረኝ። ሰላም ያሳድረኝ።» ቀላል ይመስላል። ለሁለት ሳምንት ያህል ከአፌ አልወጣልኝም፤ ለራሴ ጤና መለመን ስርቆት መሰለኝ። ሉዋንግ ፖ በዚህ አልተደነቁም፤ የጤና ሠራተኞች ሁሉ እዚያ ላይ ይቆማሉ አሉኝ። ካልወጣልሽ እጅሽን ደረትሽ ላይ አድርጊና ዝም በይ አሉኝ። በሦስተኛው ሳምንት ወጣ። ከዚያ በልጅነቴ ፊደል ያስቆጠሩኝን የኔታ አስቀደምኩ፤ እሳቸው ቀለሉኝ። ከዚያ እናቴን። ከዚያ ከማልወደውም ከማልጠላውም ሰው የዩኒቨርሲቲውን ጥበቃ ያዝኩ፤ በየቀኑ አየዋለሁ፣ ፊቱን ግን አስታውሼው አላውቅም ነበር። በሳምንቱ ጥርሱ አንዱ የተሸረፈ መሆኑን አየሁ። ከልምምዱ ያገኘሁት የመጀመሪያ ፍሬ ይኸው ነው፤ አንድ ሰው ፊት ኖረው። በመጨረሻ ሾፌሩ። እሱ ወራት ወሰደብኝ፤ አንዳንድ ቀን «ሰላም ያሳድረው» ስል ጥርሴን ነክሼ ነው።

በታኅሣሥ 2011 ዓ.ም. ወደዚያው ጤና ጣቢያ ተመለስኩ። የማዋለጃ ክፍሉ በር ላይ እጄን መቃኑ ላይ አድርጌ ሦስት ጊዜ እተነፍሳለሁ፤ በሦስቱ እስትንፋስ «ጤና ይስጥሽ» እላለሁ፤ እገባለሁ። ጊዜ የለም የሚል ካለ፣ አንድ ጓንት ለማጥለቅ የሚወስደውን ያህል ነው። ገብቼ «እንደምን አደርሽ?» እላለሁ፤ መልሱንም እጠብቃለሁ። ይህን ካደረግሁ ወዲህ ሴቶቹ የሚነግሩኝ ነገር በዛ። ራስ ምታቷን የደበቀች አንዲት ሴት በዚያች ጥበቃ መካከል ዓይኗ እየተጭበረበረ መሆኑን ነገረችኝ፤ ስለካት ደም ግፊቷ አደገኛ ነበር፤ በጊዜ ላክናት። እኔ ያን ቀን የጠየቅኋት አዲስ የሕክምና ጥያቄ አልነበረም።

አንድ ነገር ግን በግልጽ ልናገር። ይህ ሁሉ አምቡላንስ አያመጣም። ደም ባንክ አይሞላም። አንዲት አዋላጅ ለሦስት ሰው የሚበቃ ሥራ ስትሸከም «ልብሽን አሳርፊ» የሚላት አለቃ በደል እየፈጸመ ነው፤ ሰው ይጨምርላት። እንቅልፍ ካጣችሁ፣ መኖር ካስጠላችሁ ደግሞ ይህን ጽሑፍ ትታችሁ ወደ አእምሮ ሐኪም ሂዱ፤ ጸሎትና ልምምዱ ከሕክምናው ጋር አብሮ ይሄዳል። እኔም ቀድሜ ሄጄ ቢሆን ኖሮ ያቺ ልጅ «እናቴን ጥሩልኝ» ስትል አልጮህባትም ነበር።

በተመለስኩ በሁለተኛው ሳምንት ሾፌሩን ግቢ ውስጥ አገኘሁትና ቀድሜ ሰላም አልኩት። እጄን ይዞ ቆየ። «እኔም በዚያ መንገድ በነዳሁ ቁጥር መስተዋቱን ወደ ኋላ አያለሁ» አለኝ። ሦስት ዓመት ያህል እሱም ተሸክሞ ኖሯል፤ ታይላንድ እስክሄድ ድረስም በአንድ ግቢ እየዋልን። ሊሄድ ሲል ደግሞ ዞሮ «አያትየዋ እኮ ትጠይቅሻለች፤ ልጅቷ አድጋለች» አለኝ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ስኳርና ሳሙና ይዤ ሄድኩ። በሩ ላይ ቆምኩ፤ እጄ መቃኑ ላይ። ያን ቀን ከሦስት እስትንፋስ በላይ ፈጀብኝ።

እማማ በሩን ከፈቱልኝ፤ ሦስት ዓመት ሊሞላት የተቃረበች ልጅ ቀሚሳቸውን ይዛ ከኋላቸው ታየኛለች።

«እንደምን ዋሉ፣ እማማ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ሲስተር» አሉኝ፤ «በወንዙ በኩል ስትዞሪ አይሽ ነበር። ይህች ልጅ ሩቅ መንገድ እየሄደች ለምን ትደክማለች እያልኩ።»

የምመልሰው አልነበረኝም። ገባሁ፤ በርጩማ አቀረቡልኝ፤ ቡና ተቆላ። ልጅቷ ሳሙናውን ከወረቀቱ አውጥታ ደጋግማ አሸተተችው። ከአቦል እስከ በረካ ስለ ሟቿ ያወራነው ትንሽ ነው፤ ያወራነው ስለ ልጅቷ ሳል፣ ስላልጨረሰችው ክትባት፣ ስለ ገብሱ ነበር። ስወጣ ፀሐይዋ ልትጠልቅ ነበር። በአጭሩ መንገድ ተመለስኩ።